ያውቁ ኖሯል? ከጣርማ በር መሿለኪያ እስከ ስልክዎ ቦርድ፣ ሥራ የሌለው ቀዳዳ የለም

ከደብረ ብርሃን ወደ ደብረ ሲና የሚጓዝ መኪና ጣርማ በር ሲደርስ ተራራውን በሆዱ ሰንጥቆ እንደሚያልፍ ያውቁ ኖሯል? መሿለኪያው የተቆፈረው ጣልያን አገራችንን ወርሮ በቆየበት ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም ባለው ጊዜ ነው። ከባሕር ወለል በላይ ከ3000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ይገኛል፤ ርዝመቱም ከግማሽ ኪሎ ሜትር ያልፋል። ወራሪው መተላለፊያውን በሙሶሊኒ ስም ጠርቶት ነበር። ያ ስም ከባለቤቱ ጋር ሄደ፤ ጣርማ በር ግን ጣርማ በር ሆኖ ቀረ።

የተቆፈረው ዐለት ራሱ በሥነ ምድር ሊቃውንት ዘንድ የታወቀ እንደሆነስ? በኢትዮጵያ የሥነ ምድር ጥናት ውስጥ «የጣርማ በር ባዛልት» የሚባል የእሳተ ገሞራ ዐለት ክፍል አለ። ስሙን ያገኘው ከዚሁ ቦታ ነው፤ የሚጠራበት ግን በሰሜን ሸዋ ብቻ ሳይሆን በሌሎች የአገራችን ተራሮችም ነው።

ተራራው ውሃም ይከፍላል። ከጣርማ በር በስተ ምዕራብ የሚወርደው ዝናብ በጀማ በኩል ወደ ዓባይ፣ በስተ ምሥራቅ የሚወርደው ደግሞ ወደ አዋሽ ይሄዳል። እንግዲህ መሿለኪያው አንዱን ወገን ከሌላው የሚያገናኝ ቀዳዳ ነው። በኪስዎ ባለው ስልክ ቦርድ ላይ ይኸንኑ ሥራ የሚሠሩ፣ መስመርን ከአንድ ወገን ወደ ሌላው የሚያሻግሩ እጅግ ብዙ ጥቃቅን ቀዳዳዎች አሉ። የሙያው ሰዎች ቪያ ይሏቸዋል። የዛሬው ዓምዳችን ስለ እነርሱና ስለ ሌሎቹ የቦርድ ቀዳዳዎች ነው።

የታተመ ሰርኪት ቦርድ አባት የሚባለው ሰው የመጀመሪያ ሥራውን የሠራው ንጉሠ ነገሥቱ በስደት ለንደን በገቡበት ዓመት እንደሆነ ያውቁ ኖሯል? ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ለንደን የደረሱት በግንቦት 1928 ዓ.ም መጨረሻ ነው። ፓውል አይስለር የተባለው ኦስትሪያዊ መሐንዲስም እዚያው ለንደን ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1936 ሽቦዎቹ በታተመ የመዳብ መስመር የተተኩበት ሬዲዮ ሠራ። አይስለር አይሁዳዊ ነበርና እርሱም በቪየና እየከፋ ከመጣው ጥላቻ የሸሸ ስደተኛ ነበር።

የመጀመሪያዎቹ ቦርዶች ቀዳዳ ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም ነበር። የድሮ ሬዲዮ ወይም ካቶድ ቴሌቪዥን ከፍተው የሚያውቁ ቡናማውን ቦርድ ያስታውሱታል። ከወረቀትና ከሙጫ የተሠራ ነው፤ መዳቡ በአንድ ወገን ብቻ ነው፤ ቀዳዳዎቹም የተበሱት በፑንታ ሳይሆን በአንድ ጊዜ ብዙ በሚበሳ መምቻ ነው። የቀዳዳው ሥራ የሬዚስተሩን ወይም የካፓሲተሩን እግር ማሳለፍ ብቻ ነበር። እግሩን የሚይዘው ከሥር ያለው ሌድ ነው። ለዚህም ነው በእነዚህ መሣሪያዎች ላይ በከባድ ዕቃ እግር ዙሪያ ቀለበት የመሰለ ስንጥቅ የሚበዛው፤ ትራንስፎርመሩ በተነቃነቀ ቁጥር ክብደቱን የሚሸከመው ያችው ቀጭን ሌድ ናት። መሣሪያውን በቡጢ ሲመቱት የሚሠራበት ምሥጢርም ብዙ ጊዜ ይኸው ነው። ምቱ የተሰነጠቀውን ቀለበት ለጊዜው ያገናኘዋል። መድኃኒቱ ግን ካውያ ነው፦ አሮጌውን ሌድ መምጠጥና በአዲስ መበየድ።

በሁለት ወገን መዳብ ያለው ቦርድ ሲመጣ ከላይና ከታች ያለውን መስመር ለማገናኘት መጀመሪያ በቀዳዳው ውስጥ የናስ ቱቦ እየከተቱ ሁለቱን ጫፎች ይቀጠቅጡ ነበር። የቀዳዳውን ግድግዳ ራሱን በመዳብ የመለበጥ ዘዴ በኢንዱስትሪው የተስፋፋው እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ነው። ከዚያ ወዲህ ቀዳዳ ባዶ ቦታ መሆኑ ቀርቶ ቋሚ ሽቦ ሆነ።

ፕላስቲክ በመዳብ እንዴት ይለበጣል? ይህን ልብ ብሎ ማየት ይገባል፤ የጥገና ባለሙያ ሊያውቀው የሚገባው ነገር ሁሉ እዚህ ውስጥ አለ። በተለምዶ 1.6 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው የፋይበር ግላስና የኢፖክሲ ቦርድ መጀመሪያ ይበሳል። መሣሪያው በደቂቃ ከ100,000 ዙር በላይ ይሽከረከራል፤ ፑንታው ከተንግስተን ካርባይድ የተሠራ ነው፤ ከላይ ስስ አሉሚኒየም፣ ከሥር ደግሞ መደገፊያ ሰሌዳ ይደረጋል፣ የቀዳዳው አፍ እንዳይሸራረፍ። ፑንታው ሲሽከረከር በሚፈጥረው ሙቀት ኢፖክሲው ይለሰልስና ግድግዳውን ይቀባዋል። ይህ ቅብ ካልተወገደ ብዙ ንጣፍ ባለው ቦርድ በውስጥ ያሉት የመዳብ ንጣፎች ተሸፍነው ይቀራሉ፤ ስለዚህ በኬሚካል ይታጠባል። ቀጥሎ ግድግዳው ላይ የፓላዲየም ቅንጣት ይነሰነስበታል፤ ያለ ኤሌክትሪክ በኬሚካል ብቻ እጅግ ስስ መዳብ ይይዛል። አሁን ግድግዳው ኤሌክትሪክ ማስተላለፍ ስለቻለ ቦርዱ የመዳብ ውህድ ውስጥ ይነከርና በኤሌክትሪክ ኃይል መዳቡ እንዲወፍር ይደረጋል።

የመጨረሻው ውፍረት ስንት ይመስልዎታል? ለተራ የቢሮና የቤት መሣሪያ በአማካይ 20 ማይክሮን፣ ለሕክምና፣ ለአውሮፕላንና ለመሳሰሉት ደግሞ 25 ማይክሮን። ይኸውም ከአንድ ሚሊ ሜትር አንድ አርባኛው ማለት ነው። አንድ ጠጋኝ ትኩስ ካውያ ይዞ ቀዳዳውን ሲነካ የሚነካው ይህን ያህል ስስ ነገር ነው።

በመዳብ የተለበጠ ቀዳዳ ከተበሳበት ይልቅ እንደሚጠብ ያውቁ ኖሯል? ልባጩ ውስጡን ስለሚወስድ ፋብሪካው ከተጠየቀው መጠን 0.1 ሚሊ ሜትር ያህል አስፍቶ ይበሳል። ቦርድ የሚነድፉ ተማሪዎች የእቃውን እግር ለክተው «ልክ በልክ» ሲያዙ የሚቸገሩት ለዚህ ነው። እግሩ ያለ ግፊት ገብቶ፣ ሌዱም በዙሪያው የሚወጣበት ክፍተት ማግኘት አለበት።

ቪያዎች ሁሉ አንድ አይደሉም። ከላይ እስከ ታች የሚዘልቀው ተራው ነው። ከላይ ጀምሮ ውስጥ ካለ ንጣፍ ላይ የሚቆም አለ፤ ከአንዱ ወገን እንጂ ከሌላው አይታይም። በውስጥ ንጣፎች መካከል ብቻ ያለ፣ ከየትኛውም ወገን የማይታይም አለ። ዘመናዊ ስልክ ላይ የሚበዙት ደግሞ በሌዘር የሚበሱት ጥቃቅኖቹ ናቸው። በፑንታ ከ0.15 ሚሊ ሜትር በታች መብሳት ፑንታውን ቶሎ ቶሎ ስለሚሰብርና ስለሚያስወድድ ከዚያ በታች ሌዘር ይረከባል። የሌዘር ቀዳዳ ግን ጥልቀቱ ከስፋቱ ብዙም መብለጥ የለበትም፤ ጠባብና ጥልቅ ቀዳዳ ውስጥ የመዳቡ ውህድ እንደ ልብ አይዘዋወርም።

አሁን ወደ ጠረጴዛው እንቅረብ። የቻርጀር መግቢያው የተነቃነቀ መሣሪያ መጣ እንበል። የመግቢያው አራት ወፍራም እግሮች በተለበጡ ቀዳዳዎች ውስጥ ተበይደዋል። ጠጋኙ ሦስቱን ያቀልጣል፤ አራተኛው እምቢ ይላል። ይጎትታል፤ እግሩ ይወጣል። ከእግሩ ጋር ግን የሚያብረቀርቅ ቀጭን የመዳብ ቱቦ ተጠቅልሎ ይወጣል። ያ ቱቦ የቀዳዳው ግድግዳ ነበር። አሁን ከላይና ከታች ያሉት መስመሮች ተለያይተዋል፤ አዲሱ መግቢያ ቢበየድ ከሥር በኩል ያማረ ይመስላል፣ ከላይ ግን አይገናኝም። ደንበኛው በማግስቱ ይመለሳል።

አራተኛው እግር እምቢ ያለው ለምን ነበር? ኔጌቲቩ ነውና። ኔጌቲቭ በቦርዱ ውስጥ ከተነጠፈ ሰፊ መዳብ ጋር ይገናኛል፤ ያ መዳብ ሙቀቱን እየወሰደ ይበትነዋል። ጥሩ ነዳፊ ይህን ስለሚያውቅ ቀዳዳውን ከሰፊው መዳብ ጋር የሚያገናኘው በአራት ቀጫጭን ድልድዮች ብቻ ነው። ድልድዮቹ ኤሌክትሪኩን ያሳልፋሉ፤ ሙቀቱን ግን ያዘገያሉ። ድልድይ የሌለው ቀዳዳ ሲያጋጥምዎ አይጎትቱ። ትኩስ ሌድና ፍላክስ ይጨምሩበት፤ ሰፋ ያለ ጫፍ ያለው ካውያ ይጠቀሙ፤ ቢቻል ቦርዱን ከሥር ቀድመው ያሙቁት። እግሩ በራሱ ሲላላ ብቻ ያውጡት።

በሌድ የተደፈነ ቀዳዳ በስቴኪኒ እንደሚከፈትስ ያውቁ ኖሯል? ሌዱን አቅልጦ ሹል የእንጨት ስቴኪኒ ወይም ዝገት የማይዘው ብረት መርፌ ማሳለፍ ነው። ሌድ በሁለቱም ላይ አይጣበቅም። በትራፓኖ ማስፋት ግን በፍጹም አይገባም። በሁለት ወገን ቦርድ ላይ ልባጩን ያጠፋል፤ አራት ወይም ስድስት ንጣፍ ባለው ቦርድ ላይ ደግሞ በዓይን የማይታዩትን የውስጥ መስመሮች ይቆርጣል፤ ያን መልሶ ማገናኘት እጅግ ከባድ ነው። ልባጩ አንዴ ከወጣ በሁለት ወገን ቦርድ ላይ መፍትሔው ቀላል ነው፦ በቀዳዳው ውስጥ ቀጭን የመዳብ ሽቦ አሳልፎ ከላይም ከታችም መበየድ። ከዚያ መልቲሜትሩን በድምፅ ላይ አድርጎ ሁለቱን ወገን መንካት። ካልጮኸ ሥራው አላለቀም።

ከሸዋ ሮቢት ተነሥቶ ጣርማ በር የሚወጣ መኪና የቦርድ ቀዳዳዎችን እንደሚፈትን ያውቁ ኖሯል? ሸዋ ሮቢት ወደ 1300 ሜትር ከፍታ ላይ ነው። ሃምሳ ኪሎ ሜትር ገደማ በሆነ መንገድ መኪናው ከ1700 ሜትር በላይ ሽቅብ ይወጣል። አየር በየ1000 ሜትሩ በአማካይ 6.5 ዲግሪ ያህል ስለሚቀዘቅዝ የውጭው አየር ብቻ ከ10 ዲግሪ በላይ ይወርዳል። ሞተሩ ግን በዚያው ዳገት እየጋለ ነው። በሞተሩ አጠገብ የተቀመጠው የመቆጣጠሪያ ቦርድ ይግላል፤ ማታ ጣርማ በር ወይም ደብረ ብርሃን ላይ ሲቆም ይበርዳል፤ በማግስቱ እንደገና ይግላል።

ይህ ለቀዳዳው ምኑ ነው? ፋይበር ግላስ ሲሞቅ በጎን እምብዛም አይሰፋም፤ ወደ ላይና ወደ ታች ግን ያብጣል። 1.6 ሚሊ ሜትር የሆነ ቦርድ ሙቀቱ በ100 ዲግሪ ሲጨምር ወደ 10 ማይክሮን ገደማ ይወፍራል። በቀዳዳው ውስጥ ያለው የመዳብ ቱቦ በዚያው ሙቀት በራሱ የሚረዝመው 3 ማይክሮን እንኳ አይሞላም። የቀረውን በግድ ይጎተታል። ሲበርድ ደግሞ ይጨመቃል። ይህ ሺህ ጊዜ ሲደጋገም ቱቦው ወገቡ ላይ ይሰነጠቃል።

የዚህ ብልሽት ጠባይ የታወቀ ነው። መሣሪያው ሲበርድ ይሠራል፣ ሲሞቅ ይጠፋል። ሲሞቅ ቦርዱ ያብጥና ስንጥቁን ይከፍተዋል፤ ሲበርድ ስንጥቁ ይገጥማል። ሾፌሩ «መንገድ ላይ የማስጠንቀቂያ መብራቱ በራ» ይላል፣ ጋራዥ ሲደርስ ግን ምንም የለም። እንዲህ ያለውን መኪና «ሾፌሩ ነው ያልገባው» ብሎ መመለስ ሾፌሩን መበደል ነው። ቦርዱን በሙቅ አየር ቀስ ብሎ እያሞቁ መለካት ይቻላል፤ ስንጥቁ ያኔ ይናገራል።

የመጀመሪያዋ የኢትዮጵያ ሳተላይትም ከዚህ ፈተና አላመለጠችም። ኢቲአርኤስኤስ 1 የተመጠቀችው ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም ከቻይናው ታይዩዋን የማስወንጨፊያ ጣቢያ ነው፤ ክብደቷ 70 ኪሎ ግራም ገደማ ሲሆን የምድር ጣቢያዋ በእንጦጦ ይገኛል። በዚያ ዓይነት ምሕዋር ላይ ያለች ሳተላይት በቀን ወደ 15 ጊዜ ምድርን ትዞራለች፤ በየዙሩ ከፀሐይ ወደ ጥላ፣ ከጥላ ወደ ፀሐይ ትገባለች። በዓመት ከ5000 በላይ የሙቀትና የቅዝቃዜ ዙር ማለት ነው። ለጠፈር የሚሠሩ ቦርዶች የቀዳዳቸው መዳብ እንዲወፍርና በናሙና እየተቆረጠ በማይክሮስኮፕ እንዲታይ የሚጠየቀው ለዚህ ነው። ወደ ሰማይ ጠጋኝ አይላክም።

የስልክዎን ቻርጀር ጀርባ አንብበውት ያውቃሉ? በብዙ ቻርጀሮች ላይ ተራራ የሚመስል ባለ ሦስት ማዕዘን ምልክትና ከአጠገቡ «2000m» የሚል ጽሑፍ አለ። ትርጉሙ ግልጽ ነው፦ የዚህ ቻርጀር ደኅንነት የተፈተሸው ከ2000 ሜትር ላልበለጠ ከፍታ ነው። ምልክቱ የመጣው ከቻይና የደኅንነት ደረጃ ነው። አዲስ አበባ ከ2300 ሜትር በላይ ናት። ደብረ ብርሃን 2800 ሜትርን ታልፋለች። ጣርማ በርማ ከ3000 በላይ ነው። ይህን ዓምድ ከሚያነቡት ብዙዎቹ ምልክቱ ከሚፈቅደው ከፍታ በላይ የሚኖሩ ናቸው።

ከፍታ ከኤሌክትሪክ ጋር ምን አገናኘው ቢሉ፣ አየር ራሱ ኤሌክትሪክን የሚከላከል ነገር ነው። ከፍታ ሲጨምር አየሩ ይሳሳል፤ 3000 ሜትር ላይ ግፊቱ በባሕር ወለል ካለው 70 በመቶ ገደማ ነው። አየሩ በሳሳ መጠን ብልጭታ በቀላሉ ይዘላል። ስለዚህ ዓለም አቀፉ የኢንሱሌሽን ደረጃ እስከ 2000 ሜትር የሚበቃውን የአየር ክፍተት ለ3000 ሜትር በ1.14፣ ለ4000 ሜትር በ1.29 አባዙት ይላል። ከታች 4 ሚሊ ሜትር የሚበቃው ጣርማ በር ላይ ከ4.5 ሚሊ ሜትር በላይ ይሻል።

እዚህ ላይ ነው ከሁሉ ይልቅ የማደንቀው ቀዳዳ የሚመጣው። የተበላሸ ቻርጀር ሲከፈት በቦርዱ መካከል ቀጥ ያለ ስንጥቅ የመሰለ ረዥም ክፍተት ይታያል። ብዙ ጊዜ ኦፕቶካፕለር በሚባለው ባለ አራት እግር ጥቁር ዕቃ ሥር ያልፋል። በወዲያኛው ወገን ከግድግዳው የመጣው 220 ቮልት አለ፤ በወዲህኛው ወገን እጅዎ የሚነካው 5 ቮልት። አቧራና እርጥበት በቦርዱ ገጽ ላይ ሲጠራቀም ኤሌክትሪክ በዚያው ላይ እየተሳበ ሊሻገር ይችላል። ክፍተቱ ያን መንገድ ይቆርጠዋል፤ ለመሻገር ዞሮ መሄድ አለበት። በሁለቱ ወገን መካከል በገጽ ላይ የሚለካው ርቀት ለቤት መሣሪያ 5 ሚሊ ሜትር ገደማ መሆን ይጠበቅበታል፤ ክፍተቱም ርቀት ጨመረ ተብሎ እንዲቆጠር ቢያንስ 1 ሚሊ ሜትር መስፋት አለበት።

አንድ ነገር እንዳይምታታ። ክፍተቱ በገጽ ላይ የሚሄደውን ይከለክላል እንጂ በአየር የሚዘለውን አያርቀውም። ለአየሩ መድኃኒቱ ዕቃዎቹን አራርቆ መትከል ነው፤ ይህም የነዳፊው ሥራ ነው። በገበያ ላይ ያለ እጅግ ርካሽ ቻርጀር ተከፍቶ ቢታይ ክፍተቱም ርቀቱም የሌለበት ሞልቷል። ጉም በማይለየው ደጋ፣ ልጆች ስልክ እየሞላ በሚነካኩበት ቤት፣ ይህ በገንዘብ የሚተመን ነገር አይደለም። ለጠጋኞችም አደራ አለ፦ በዚያ ክፍተት ላይ የሌድ ጠብታ፣ የጃምፐር ሽቦ ወይም ሙጫ አታሳልፉ። ባዶ የተተወው ሕይወት እንዲጠብቅ ነው።

የስልክ ብሎን ርዝመቱ ቢለዋወጥ ስልኩ ሊሞት እንደሚችልስ? በአንዳንድ ስልኮች ውስጥ አጭርና ረዥም ብሎኖች አሉ፤ ልዩነታቸው ከአንድ ሚሊ ሜትር ያነሰ ሊሆን ይችላል። ረዥሙን በአጭሩ ቦታ አስገብቶ በካቻቢቴ ማጥበቅ ከብሎኑ ቀዳዳ ሥር ያሉትን የቦርዱን መስመሮች ይበጥሳል። ስልክ ሲፈቱ ብሎኖቹን እንደ አወጣጣቸው ቅደም ተከተል ወረቀት ላይ ያስቀምጡ።

ከብሎን ቀዳዳዎች አንዳንዶቹ መዳብ የላቸውም፤ ሥራቸው ማሰር ብቻ ነው። በዙሪያቸው የመዳብ ቀለበት ያላቸው ግን ቦርዱን ከብረቱ ሣጥን ጋር በኤሌክትሪክም ያገናኛሉ፤ በኮምፒውተር ማዘርቦርድ ላይ የሚያዩት እንዲህ ነው። በቀለበቱ ላይ ደግሞ ትናንሽ ቪያዎች ተደርድረው ይታያሉ፤ ብሎኑ ሲጠብቅ መዳቡ እንዳይላቀቅ ይይዙታል፣ የዋናው ቀዳዳ ልባጭ ቢፋቅም ግንኙነቱ በእነርሱ ይቀጥላል።

«ድምፅህ አይሰማም» የሚባል ስልክ ላይ ጥፋቱ አንዳንድ ጊዜ የቀዳዳ ነው። በብዙ ስልኮች ማይክሮፎኑ በቦርዱ ላይ ተገልብጦ ይበየዳል፤ ድምፅ የሚገባለት በቦርዱ በራሱ ውስጥ በተበሳ ቀዳዳ ነው። ይህ ቀዳዳ ድምፅ እንጂ ኤሌክትሪክ አይደለም የሚያስተላልፈው። ቦርድ ሲታጠብ ፈሳሽ ወይም ፍላክስ ከገባበት ስልኩ ይደነቁራል። የታመቀ አየር በቀጥታ ቢነፉበት ደግሞ በውስጡ ያለችው ስስ ሽፋን ትቀደዳለች። ከመታጠቡ በፊት ሙቀት በሚችል ቴፕ መሸፈን ነው።

በቦርድ ጠርዝ ላይ ግማሽ ክብ የሆኑ የተለበጡ ቀዳዳዎች አይተው ያውቃሉ? ሙሉ ቀዳዳ ሆነው ተለብጠው ነው ከመካከላቸው የተቆረጡት። በሲምካርድ የሚሠሩት ትናንሽ የጂኤስኤም ሞጁሎች ብዙዎቹ እንዲህ ናቸው፤ በጭነት መኪናዎች ላይ ከሚገጠሙ የጂፒኤስ መከታተያዎች ውስጥም ይገኛሉ። አንዱን ቦርድ በሌላው ቦርድ ላይ እንደ አንድ ዕቃ ለመበየድ ያስችላሉ፤ ብየዳውም ከጎን ስለሚታይ ለመመርመር ይመቻል።

ጠርዙ ሸካራ ሆኖ የተነካከሰ የመሰለ ቦርድ ግን ሌላ ነው። ፋብሪካው ብዙ ቦርዶችን በአንድ ሰሌዳ ላይ አያይዞ ይሠራና በየመገናኛቸው ግማሽ ሚሊ ሜትር የሚያህሉ ቀዳዳዎች ይደረድራል፤ በመጨረሻ በዚያ መስመር ይሰበራሉ። ብልሽት አይደለም።

ከኃይለኛ ኤልኢዲ ወይም ከኃይል መቆጣጠሪያ ቺፕ ሥር የተደረደሩት ነጥቦች ደግሞ የሙቀት መውረጃዎች ናቸው። ፋይበር ግላስ ሙቀት እምብዛም አያስተላልፍም፤ በቀዳዳዎቹ ግድግዳ ያለው መዳብ ግን ሙቀቱን ወደ ቦርዱ ጀርባ ያወርደዋል። አየሩ በሳሳበት ደጋ መሣሪያ በአየር ብቻ የሚቀዘቅዘው ከቆላው ባነሰ መጠን ስለሆነ፣ እነዚህ ቀዳዳዎች ለእኛ ተጨማሪ ዋጋ አላቸው።

ምንም መስመር ሳይገባባቸው በአንቴና መንገድ ግራና ቀኝ የተሰለፉ ቪያዎችስ? አጥር ናቸው። የላይኛውንና የታችኛውን ኔጌቲቭ ንጣፍ እየሰፉ የሬዲዮ ሞገድ ወደ ጎን እንዳያመልጥና ሌላው እንዳይገባ ይከለክላሉ። በመካከላቸው ያለው ርቀት ከሞገዱ ርዝመት አንጻር እጅግ ትንሽ መሆን አለበት፤ ለዚህም ነው ተጠጋግተው የሚታዩት።

ተበስቶ፣ ተለብጦ፣ ከዚያ እንደገና በከፊል የሚቦረቦር ቀዳዳ እንዳለ ያውቁ ኖሯል? በትላልቅ የኔትወርክ መሣሪያዎች ላይ መስመሩ በቀዳዳው አጋማሽ ከታጠፈ ከዚያ በታች የሚቀረው የመዳብ ቱቦ ፈጣኑን ሲግናል እያንፀባረቀ ያበላሻል። ስለዚህ ከታች በኩል ሰፋ ባለ ፑንታ ጥልቀቱ ተለክቶ ይፋቃል።

የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የመጀመሪያ ፕሮጀክታቸውን የሚሠሩበት ባለ ብዙ ቀዳዳ ሰሌዳ በየ2.54 ሚሊ ሜትር የተበሳ ነው። ይህ ቁጥር አንድ አሥረኛ ኢንች ነው፤ የድሮ ቺፖች እግር የተሰላው በኢንች ስለነበር ዓለም ወደ ሜትር ከዞረ በኋላም ቀዳዳው እንደቀረ ቀረ።

የራሳችሁን ቦርድ በትራፓኖ ለምትበሱ ወጣቶች አንድ ማሳሰቢያ አለኝ። ከፋይበር ግላስ የሚነሣው አቧራ የመስታወት ክር ነው፤ ለዓይንና ለሳንባ አይበጅም። የአፍና የአፍንጫ መሸፈኛና መነጽር አድርጉ፤ ቦርዱን በጥቂት ውሃ አርጥቡት፤ አቧራውን በአፍ አትንፉ። የካርባይድ ፑንታ በእጅ በተያዘ ትራፓኖ ላይ ወዲያው ይሰበራል፤ በቋሚ መቆሚያ ተጠቀሙ ወይም ተራውን የብረት ፑንታ ያዙ።

ጠጋኝ ዘንድ መሣሪያ ይዘው ሲሄዱ ደግሞ እርስዎም የሚያደርጉት አለ። መቼ እንደሚጠፋ በትክክል ይንገሩ፦ ሲሞቅ ነው ሲበርድ፣ ሲነቃነቅ ነው ቆሞ፣ ቆላ ነው ደጋ። ከተሰነጠቀ ቀዳዳ የሚመጣ ብልሽት በመልቲሜትር ከመገኘቱ በፊት ብዙ ጊዜ በባለቤቱ ቃል ይገኛል። ሥራው ሲያልቅም ጠጋኙ ከላይና ከታች መለካቱን ይጠይቁ፤ ቻርጀር ሲገዙም ጀርባውን አገላብጠው ተራራውን ይፈልጉ።